ና ውሰደኝ በሉት

አሰጋሽ ከሎሪው ስትወርድ እግሯ መሬት ሳይረግጥ እጇ ቀድሞ ደረቷን ዳሰሰ። ሦስቱ ደብዳቤዎች እዚያው ናቸው፤ በላብ ርሰዋል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ግን እዚያው ናቸው።

ጊዜው ሰኔ 1977 ነው። ገዳሪፍ ኢድን ካከበረች ሳምንት አልሞላትም። አንድ ሙሉ ክረምት ጨክኖ የከረመው ሰማይ ገና አሁን ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ጥቁሩ አፈር የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ይዞ አልለቅም ይላል። በየሱቁ ጥላ ሥር ድንበር የተሻገረው ረሃብተኛ ተኮልኩሏል። አሰጋሽ ይህን ሁሉ አላየችም። አምስት ወር በበሽታ ምክንያት ተዘግቶ ከከረመው ካምፕ በሩ በተከፈተ ማግስት ወጥታ፣ ከማለዳ ጀምሮ በሎሪ ስትናጥ የመጣች ልጅ ከሱሩር በቀር ምን ልታይ ትችላለች?

ደብዳቤዎቹ የሱሩር ናቸው። የካምፑ በር ሲዘጋ ዘበኞቹ ጋ ተቀብረው ከርመው፣ በሩ ሲከፈት ሦስቱም ባንድ ቀን ተሰጧት። ፊደል ስለማታውቅ የካምፑ አስተርጓሚ ጋረደው አነበበላት። የመጨረሻው የካቲት መጨረሻ ላይ የተጻፈ ነው፤ «አባቴ ቢረግመኝም መንገዱ እንደተከፈተ መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላል። ጋረደው ሦስት ጊዜ ካነበበላት በኋላ አራተኛውን እሷ ራሷ በቃሏ ወጣችው።

«ካልመጣስ?» ብሎ ጠይቋት ነበር ጋረደው፣ መነጽሩን እየወለወለ።

«ካልመጣ እኔ እሄዳለኋ!» ብላው ሳቀች። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሰጋሽ ከአርማጭሆ ቆላ፣ ማሽላው በአገዳው ሲደርቅ፣ ከእናቷ ከእናኑ ጋር በእግሯ የተሻገረች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እናቷን ካምፕ አስቀምጣ እሷ ገዳሪፍ ገባችና በሐጂ ኢስሃቅ መጋዘን ሰሊጥ ታበጥር ጀመር። ሐጂ ኢስሃቅ በወጣትነታቸው ከጎንደር አዲስ ዓለም ተሻግረው በሰሊጥ ንግድ የከበሩ፣ አገር ያከበራቸው ሰው ናቸው። የመጋዘናቸው የኋላ ግድግዳ ከከተማው ጣሪያ አልባ ሲኒማ ጋር የተጋጠመ ነው። ቀኑ ሲመሽ የህንዱ ዘፈን በግንቡ ላይ እየዘለለ ይመጣል። ጓደኞቿ ሥራቸውን ጨርሰው ሲበተኑ አሰጋሽ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊልሙን «ታያለች»።

ሱሩር ያገኛት እንደዚያ ሆና ነው። የሐጂው ልጅ፣ አባቱ ሱቅ አስቀምጠውት እሱ ግን ልቡ ሲኒማው ውስጥ የቀረ፣ ፊልም የሚያጫውት፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው በዓረብኛ የተቀመመ ሰው ነበር።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«ፊልም አያለሁ።»

«ከግንብ ጋር ተጣብቀሽ?»

«አሁን ልጅቷን አባቷ ከቤት አስወጣት። ዋሸሁ?»

ሱሩር ደነገጠ። ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ እውነትም በዚያች ደቂቃ በሸራው ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢ እየወጣች ነበር። «ማነው የነገረሽ?»

«ዋሽንቱ።»

ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሱሩር ለእሷ ሲል ድምፁን አንድ ነጥብ ከፍ ያደርገው ጀመር። ተመልካቹ ቢያጉረመርምም አልሰማም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ማጫወቻ ክፍሉ አስገባትና በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ አንድ የፊልም ቁራጭ አሳያት። ተዋናይዋ መስኮት ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። አሰጋሽም አብራት አለቀሰች። ድንገት ሱሩር ድምፁን አጠፋው። ሴትዮዋ ጭስ ዓይኗ ውስጥ የገባባት ተራ ሴት ሆና ቁጭ አለች።

«አየሽ? እሷ ይህን ሙዚቃ ጭራሽ አልሰማችውም። በኋላ፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚለጠፈው። ሰውን የሚያስለቅሰው እሱ ነው፣ ወላሂ።»

«እንግዲያው ውሸት ነዋ!»

«ውሸት አይደለም» አለ፣ ረጅም ጊዜ አይቷት። «የአንዱን ሐዘን ለሌላው ማልበስ ነው።»

ያን ጊዜ ያየው ፊቷን ነው እንጂ ፊልሙን አልነበረም። እሷም አወቀች። የፕሮጀክተሩ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ቆየ።

ወሬው ሐጂ ኢስሃቅ ጆሮ ለመድረስ ወር አልፈጀበትም። «ሃይማኖቷ ሌላ፣ ቤቷ ድንኳን የሆነች ልጅ ከእኔ ቤት አትገባም» ብለው የሳምንት ሒሳቧን በሰው ላኩላት። ብዙም ሳይቆይ ሱዳኖች ከሻ የሚሉት አፈሳ ሆነ። ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ሁሉ በሎሪ ተጭኖ ወደየካምፑ ሲመለስ አሰጋሽም ተጫነች። ሱሩር ደርሶ እጇን በሎሪው እንጨት መሐል ሊይዝ ሲሞክር ጣቶቻቸው ተነካኩና ተለያዩ። ያች ጣት እስከ ካምፑ ድረስ አልቀዘቀዘችም።

ጥር ላይ ፈረንጆች ካሜራና የድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ ካምፑ መጡ። አምስት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ጋረደው እየመራ ወደ አሰጋሽ ድንኳን አመጣቸው። «የአገራችሁን ዘፈን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ» አላት።

አሰጋሽ ደብዳቤ መጻፍ አትችልም። የሱሩር ከተማ ግን የፊልም ከተማ ናት፤ ፊልም ሁሉ እሱ እጅ ላይ ይደርሳል ብላ ታምናለች። ታዲያ ከዚህ የተሻለ ፖስተኛ ከየት ይመጣል? ለመቅጃው ጎንበስ አለችና ራሷ የቋጠረችውን ዘፈነች።

«ዝናብ ሳይቀድመኝ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣
ና ውሰደኝ በሉት፣ ሌላ ሰው ሳያይ።
ቤቴ ድንኳን ሆኖ፣ በር የሚባል የለው፣
ስትመጣ አታንኳኳ፣ ዝም ብለህ ግባ አንተው።»

እናኑ ታማ ከጎኗ ተኝታ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። «ይኼ ደግሞ የማን ዘፈን ነው?»

«የኔ ነው፣ እማ።»

«ለማን?»

አሰጋሽ አቀረቀረች።

«በይ ከፍ አድርጊዋ! ሩቅ ካለ አይሰማሽም» አለች እናት።

አሰጋሽ ከፍ አድርጋ ደገመችው። ከዚያ በሁለተኛው ቀን እናኑ ሞተች። ከካምፑ በዚያ ቀን ብቻ ከሠላሳ በላይ ሬሳ ወጥቷል። ለከፈን የሚሆን ጨርቅ አልነበረምና በእርዳታ ስንዴ ማዳበሪያ ጠቀለሏት። የሚያለቅስ ጉልበት የነበረው ሰው አልነበረም፤ አሰጋሽም አላለቀሰችም። ፈረንጆቹ ከሩቅ ቆመው ቀብሩን በካሜራ ሲያነሱ አይታለች፤ ግን ምኗ ነው? ከዚያ በኋላ በሽታው ባሰ፣ በሩ ተዘጋ። እሷም ታማ ለጥቂት ዳነች። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ያቆያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፄ ደርሶታል ማለት።

አሁን እነሆ ሲኒማው ደጃፍ ቆማለች።

ሱሩር ጀርባውን ሰጥቶ የዛሬውን ፊልም ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ከስቷል። ጀርባውን ብቻ አይታ አወቀችው።

«ልጅቷን አባቷ ከቤት አስወጣት?» አለችው።

ሱሩር ዞረ። የሙጫው ቆርቆሮ ከእጁ ወድቆ ተገለበጠ። እየሳቀ ወደ እኔ ይሮጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሁለተኛም ሸሸ፤ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«አዑዙ ቢላህ…» አለ፣ መንፈስ እንዳየ ሰው። «አንቺ… አንቺ እኮ የለሽም።»

«አለሁ! ምን ሆነሃል? ደብዳቤህ ደረሰኝ እኮ። ሦስቱም! አልመጣህም ብዬ እኔ መጣሁ።»

እጁን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ያኔ ነው ያየችው። በጥፍሮቹ ጫፍ ላይ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ሒና ቀርቷል። ሱዳን ውስጥ የከረመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንድ ልጅ ጥፍሩን እንደዚያ የሚያጠቁረው በሠርጉ ቀን ነው። አሰጋሽ ከሒናው ሥር የበቀለውን ንጹህ ጥፍር በዓይኗ ለካችው። አንድ ወር። ምናልባት ሁለት።

የዘረጋችው እጅ የት እንደሚመለስ ጠፍቶት አየር ላይ ቀረ።

«መቼ ነው?» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

«ረመዳን ሳይገባ።»

«ደብዳቤው ላይ አባቴ ቢረግመኝም ብለህ…»

«ሞተሻል ብለውኝ ነው!»

«ማን አለህ? ማን ነው የነገረህ?»

ሱሩር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንቺ ነሻ» አለ። «አንቺ ራስሽ ነገርሽኝ።»

ወደ ማጫወቻው ክፍል አስገባት። መስኮቱን ዘጋ። ከመደርደሪያው ትንሽ የፊልም ጥቅል አውርዶ ፕሮጀክተሩ ላይ ሲጠመጥም እጁ ሦስት ጊዜ ሳተ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የእርዳታ ሰዎች የከተማውን ነጋዴዎች ሰብስበው ያሳዩት ፊልም ነው። ነጋዴው እህል እንዲያዋጣ ነበር ዓላማቸው። ያጫወተው ሱሩር ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ማብራት አቅቶት ቁጭ ብሎ ስላገኙት፣ አዝነው አንዱን ቅጂ ትተውለት ሄዱ።

ብርሃኑ በኖራው ግድግዳ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ዝምታ ነው። በአቧራ ውስጥ አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ። በቃሬዛው ላይ በማዳበሪያ የተጠቀለለ አንድ ቀጭን ነገር አለ። ከዚያ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ የእሷ ድምፅ ይነሳል።

ዝናብ ሳይቀድመኝ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ…

ጉድጓዱ ይታያል። ቃሬዛው ዝቅ ይላል።

ና ውሰደኝ በሉት፣ ሌላ ሰው ሳያይ…

የማዳበሪያው አንዱ ጫፍ ገለጥ ሲል ጠቆር ያለች ቀጭን የሴት እግር ትወጣለች። የሚሸፍናት ሰው የለም። ድምፁ ይቀጥላል፤ በር የለውም፣ አታንኳኳ፣ ዝም ብለህ ግባ። እዚያ ላይ፣ አፈሩ ሲወድቅ፣ ዘፈኑ ይቆረጣል።

አሰጋሽ ስትዘፍነው ሱሩርን ነበር የጠራችው። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን የምትጠራው ሞትን ነው። ቃሉ ያው ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። በአፈሩና በቃሬዛው ላይ ሲውል ግን ማንም ሰው ሌላ ትርጉም ሊሰማበት አይችልም።

«በዚያው ሳምንት ካምፑ ድረስ መጣሁ» አለ ሱሩር ከኋላዋ። «ወታደሮቹ በበሩ አናሳልፍም አሉኝ። ስምሽን ጠራሁላቸው። አንዱ ወረቀት አየና ከዚያ ረድፍ ድንኳን የተረፈ የለም አለኝ። አመንኩ፣ አሰጋሽ። አባቴ ሲያጋቡኝ እሺም እንቢም አላልኩም። የሞተ ሰው ነው የተዳረው።»

እሷ አልዞረችም። ግድግዳው ላይ ብርሃን ብቻ ቀርቷል።

«የማን እግር እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች።

«ያንቺ መስሎኝ…»

«የእናቴ ነው።»

ሱሩር እጁን ከፕሮጀክተሩ ላይ አነሳ።

«ያን ቀን አላለቀስኩላትም። እንባ አልነበረኝም። ከመሞቷ በፊት ከፍ አድርገሽ ዝፈኚው ያለችኝ እሷ ናት። ተኝታ እየሳቀችልኝ ነበር። እነሱ ደግሞ…» ወደ ግድግዳው አመለከተች። «የፍቅር ዘፈኔን ወስደው መቃብሯ ላይ ደፉት። አሁን እናቴ ስትቀበር እኔ ስዘፍን የነበርኩ ነው የምመስለው። ይህን ስንት ሰው አይቶታል?»

«ኻርቱም ታይቷል። ውጭ አገርም ይላሉ። ሰው እያለቀሰ…»

«እያለቀሰ!» ድንገት ዞረች። «አንተስ? ሌላው ይሳሳት። አንተ ግን! ሙዚቃው በኋላ ነው የሚለጠፈው ብለህ እዚህችው ክፍል ውስጥ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? የአንዱን ሐዘን ለሌላው ያለብሱታል ያለኝ ማን ነው? እንዴት አመንክ? ሱሩር፣ እንዴት አንተ ታምናለህ?»

የሱሩር እንባ በጢሙ ላይ ወረደ። «ስላፈቀርኩሽ» አለ። «የማያፈቅር ሰው ያጣራ ነበር። እኔ ድምፅሽን ስሰማ ጭንቅላቴ የት ነበረ?»

ልትመታው እጇን አነሳች። ከዚያ ይልቅ ግንባሯ ደረቱ ላይ ወደቀ። ለአንድ አፍታ፣ ለዚያች ብቻ፣ ዓለም ያጠፋውን ሁሉ የመለሰ መሰላት። የልቡን ምት ሰማች። ፈጣን ነበር፤ የእሷን ያህል።

በሩ ተንኳኳና ተከፈተ።

ብርሃኑን ከኋላዋ አድርጋ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። የሱዳን ሴቶች የሚጠመጥሙትን ሎሚማ ቶብ ለብሳለች፤ የምሳ ሳህን ይዛለች። ወጣት ናት፣ ከአሰጋሽ ታንሳለች እንጂ አትበልጥም።

«ሱሩር፣ ዛሬም እሱን ፊልም…» ብላ ጀመረች። አሰጋሽን ስታይ አቋረጠች።

«ይቅርታሽን» አለች አሰጋሽ ከሱሩር እየራቀች። «መንገድ ጠፍቶኝ ነው።»

የሴትዮዋ ፊት ባንድ ጊዜ ተለወጠ። መልኳን አይታ አታውቅም፤ ድምፅዋን ግን ታውቀዋለች። ባሏ በሩን ዘግቶ ስንት ቀን ሲሰማው ከውጭ ሆና ሰምታዋለች።

«አንቺ ነሽ» አለች በሹክሹክታ። «ያ ረቢ… አንቺ ነሽ።»

ሒያም ትባላለች። ድንበር ላይ ካለችው ከገላባት የመጣች፣ አማርኛ የምትችል የነጋዴ ልጅ ናት። አሰጋሽ ልትጠላት በሙሉ ኃይሏ ተዘጋጀች። ሒያም ግን ሳህኑን አስቀምጣ ቀረበችና፣ ማንም ያልጠበቀውን፣ ሁለት ጉንጯን ይዛ አቀፈቻት።

«ሁሉንም ነግሮኛል። ስለ አንቺ ሲያለቅስ አብሬው አልቅሻለሁ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ በሳምንቴ አርባሽ ነው አለኝ። ሰደቃ አወጣሁልሽ። ክርስቲያን ናት አሉኝ፤ ለአላህ ሁሉም አንድ ነው ብዬ ረሃብተኞቹን በስምሽ አበላሁ።»

ለአሰጋሽ እናት አንድ ሰው አንድ እፍኝ ንፍሮ አልዘከረላትም። ለእሷ ግን፣ በሕይወት ላለችው፣ በማታውቀው ቤት ውስጥ ተዝካር ወጥቶላታል።

ሒያም ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «በእኛ ዘንድ ሁለት ሴት ይፈቀዳል» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ከፈለገ… አንቺም ካልጠላሽ… እኔ አልከለክልም።»

ሱሩር ቀና አለ። በዓይኑ ውስጥ ተስፋ ሲጫር አሰጋሽ አየች። ያን ተስፋ አይታ ልቧ «እሺ በይ! እሺ በይ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ግን የሒያምን እጅ አየች። የቶቧን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ጣቷ ነጭ ሆኗል። ይህች ልጅ ለአንዲት ሙት ያላትን ሁሉ ሰጥታለች። አሁን ደግሞ የቀራትን አንድ ነገር ልትሰጥ ነው።

«ስሚ እህቴ» አለቻት። «ሞታለች ብለሽ በስሜ አብልተሽ፣ አልቅሰሽ፣ ከባልሽ ጋር ቀብረሽኛል። አንቺ ያዘንሽላት አሰጋሽ ጥሩ ሴት ነበረች። ተነስታ ትዳርሽን የምትካፈል ከሆነ ጥሩ አትሆንም። በየቀኑ ዓይንሽን እንዴት ብዬ አያለሁ?»

«አሰጋሽ!» አለ ሱሩር። «እኔን አትጠይቂኝም?»

«አንተን ብጠይቅህ እቀራለሁ» አለችው። «ስለዚህ አልጠይቅህም።»

አየችው። ሁሉንም ነገሩን፣ የከሳውን ጉንጩን፣ የረጠበውን ጢሙን፣ አንድም ሳታስቀር አየችው፤ ከዚህ በኋላ የምትኖረው በዚህ ትዝታ ብቻ ነውና።

«እንዳትከተለኝ» አለች። «በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳትከተለኝ።»

ወጣች።

ወደ ካምፑ፣ ወደ መፋዛ አቅጣጫ የሚሄደው ሎሪ ከገበያው ጫፍ ነው የሚነሳው። አሰጋሽ በጭቃው ውስጥ ሄደች። ሰሊጥ የጫነ አህያ አለፋት። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ እጇን ዘረጋችላት፤ አሰጋሽ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም። መቶ እርምጃ ሄደች። በጭቃ ላይ የሚሮጥ ሰው እግር እንዴት እንደሚጮህ ታውቃለች፤ ቸብ፣ ቸብ ይላል። ጆሮዋ ከዚያ በቀር ሌላ ድምፅ አልቀበል አለ። የነጋዴው ጩኸት፣ የሙአዚኑ ጥሪ፣ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ ሩቅ ነበር። አንድ ጊዜ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ሰማች። ቆመች። ሰውየው አልፏት ሄደ፤ ሎሪ ሊያመልጠው የደረሰ የቀን ሠራተኛ ነበር።

ሎሪው ጋ ስትደርስ የአንድ ሰው እጅ ስቦ አሳፈራት። ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ረዳቱ የኋላውን እንጨት ዘጋ። ሞተሩ ተነሳ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። ያች የቆመባት ጊዜ በሕይወቷ ረጅሟ ነበረች። ከዚያ ሎሪው ተንቀሳቀሰ።

«የምትጠብቂው ሰው አለ እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት።

«የለም» አለች አሰጋሽ።

እንዳይከተላት በእናቷ ያስማለችው እሷ ናት። ቃሏን አክብሮ የቀረው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ከተማዋ ከኋላቸው ዝቅ እያለች ስትሄድ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ቃሏን ባያከብርላት ምን ነበረበት እያለች፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።